ወደ ቀኝ የሄደው ኩርባ

ሃአፓይ፣ ሰኔ 9

ለእናቴ ወንድም፣ ለአጎቴ ለፌሌቲ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። አክስቴ ላቪኒያን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። እኔ ድካሙን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ።

መጀመሪያ የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው፤ የሒሳብ መምህራችን ፓውላ ኦክላንድ ቀርቷል። ለእህቱ ሠርግ ብሎ ነበር የሄደው። ሙሽሮቹ ተመልሰው መጡ፤ እሱ አልመጣም። ርእሰ መምህሩ ሁላችንንም ሰብስበው ዙሪያውን ቃኙና ዓይናቸው እኔ ላይ ዐረፈ።

"ሉፔ፣ አጎትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምሩ አልነበር?"

"እሳቸው ነበሩ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ።"

"ደም ነው፤ ይወረሳል" አሉና ጉዳዩን በዚያው ዘጉት።

እንግዲህ የመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች የእኔ ሆነዋል። የኅዳሩን ፈተና ያለፈ ዋናው ደሴት፣ እናንተ ጋ ኑኩአሎፋ ሄዶ ይማራል፤ የወደቀ እዚሁ ዓሣውና ጎደሬው ጋ ይቀራል። መጽሐፉ አሁን የደረሰበት ምዕራፍ "የፈንክሽን ግራፎችን ማንቀሳቀስና መለጠጥ" ይላል። ማታ ማታ እከፍተዋለሁ፤ ጠዋት ጉንጬ ሥር አገኘዋለሁ።

በየጀልባው አንድ አንድ ትምህርት ጽፈህ ላክልኝ። ከተማሪዎቼ በአንድ ሳምንት ብቻ ልቅደም፤ ሌላ አልፈልግም። እምቢ እንዳትለኝ። የእህት ልጅ የለመነችውን የእናቷ ወንድም እንደማይከለክል አገር ያውቃል፤ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።

ሉፔ


ኑኩአሎፋ፣ ሰኔ 20

ለእህቴ ልጅ ለሉፔ፤

ደብዳቤሽን መጀመሪያ እኔ አነበብኩት፤ ቀጥሎ አክስትሽ ተቀብላኝ ጮክ ብላ አነበበችው። "ደም ነው፤ ይወረሳል" የሚለው ላይ ስትደርስ እስኪያስላት ሳቀች።

እኔ ጡረታ የወጣሁት ጠመኔ ዳግመኛ ላለመንካት ነበር። አይሆንም ብዬ ልጽፍልሽ ወረቀት አወጣሁ። ከዚያ እናትሽ ነፍሷን ይማርና በሕይወት ብትኖር ምን ትለኝ እንደነበር አሰብኩና ወረቀቱን ለዚህ አዋልኩት።

አንድ ኩርባ ብቻ ያዢ፤ የኤክስ ካሬን፣ ያንን ጎድጓዳ ሳህን የመሰለውን። ሌሎቹ ዘመዶቹ ናቸው። ከካሬው ውጭ ሁለት ብትደምሪ ሳህኑ እንዳለ ሁለት ወደ ላይ ይነሣል። ብትቀንሺ ይወርዳል። በሁለት ብታባዢው ከፍታው ሁሉ እጥፍ ይሆናል፤ ሳህኑ ወደ ላይ ተለጥጦ ቀጭን መስሎ ይታያል። በግማሽ ብታባዢው ደግሞ ዝርግ ይሆናል። ወረቀት እንደማይበቃችሁ አውቃለሁ፤ አሸዋው ላይ አስወጪያቸውና በእንጨት ይሳሉት።

ቁጥሩ ቅንፍ ውስጥ ሲገባ ነገሩ ሌላ ነው። እሱን በሚቀጥለው ጀልባ እልክልሻለሁ። እስከዚያ አትንኪው።

ፌሌቲ

ይህቺ ደግሞ እኔ ነኝ፣ አክስትሽ። ቀጥነሻል አሉ። ብዪ።


ሃአፓይ፣ ሐምሌ 25

ለአጎቴ፤

ለአክስቴ እየበላሁ ነው በልልኝ። ቅጥነቱ የቀሚሱ ስፋት ነው።

የአሸዋው ነገር ግሩም ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ወርደው ሳህኑን ሲያነሡ፣ ሲያወርዱ፣ ሲለጥጡ ዋሉ። ሴሚሲ የሚባለው ቀልደኛ አንዱን ኩርባ ረዥም አድርጎ ለጠጠና "መምህርት፣ ይሄኛው ኦክላንድ ደርሷል፤ መምህር ፓውላን ይዞ ይምጣ?" አለኝ። እኔም ስቄያለሁ፤ ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርትህ ግን አልመጣም። ጀልባ በመጣ ቁጥር ወደብ ወርጄ ካፒቴኑን እጠይቃለሁ፤ እሱም ገና ሳልደርስ ከሩቅ ራሱን ይነቀንቃል። ስለዚህ ቅንፉን ራሴ ጀመርኩት። ከባድ አይደለም፤ ለምን እንዳስፈራራኸኝ አልገባኝም። ከኤክስ ላይ ሦስት ሲቀነስ ኩርባው ሦስት ወደ ግራ፣ ሲደመር ወደ ቀኝ። ቁጥር ሲያንስ ወደ ግራ ነው፤ ሕፃን ያውቀዋል። ሳምንታት አስተምሬበታለሁ፤ ክፍሉ ይዞታል። አንዲት ልጅ ብቻ እየተከራከረች አስቸገረችኝና አስወጥቻታለሁ።

የቀረውን ስላልጠየቅኸኝ አልነግርህም። ደክሞኛል። ከትምህርቱ ሌላ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን አሉ፤ የውኃው ታንከርም ወለሉ እየታየ ነው።

አክስቴ ለምን ከታች አልጻፈችልኝም? መልስህ በዘገየ ቁጥር እሷን ነው የማስበው።

ሉፔ


ኑኩአሎፋ፣ ነሐሴ 3

ለሉፔ፤

መዘግየቴን ይቅር በይኝ። ሰበብ አልደረድርም። አክስትሽ መነጽሯ ተሰብሮባት ነው ያልጻፈችው፤ ሰላም ብላሻለች።

አሁን ቁጭ በይና አንብቢ። ገልብጠሽ አስተምረሻል። ኤክስ ሲቀነስ ሦስት ኩርባውን ወደ ቀኝ ነው የሚወስደው።

አትመኚኝ፤ ራስሽ እዪው። ሳህኑ መሬት የሚነካው ቅንፉ ዜሮ ሲሆን ነው። ኤክስ ሲቀነስ ሦስት ዜሮ የሚሆነው ኤክስ ስንት ሲሆን ነው? ሦስት። ሦስት ከዜሮ በየት በኩል ናት? ከቅንፉ ውጭ ያለ ቁጥር ሥራው ካለቀ በኋላ መልሱን ነው የሚያገኘው፤ ስለዚህ እንደ ስሙ ይሠራል። ውስጥ ያለው ግን ኤክስን ገና ሳይገባ በር ላይ ነው የሚነጥቀው። ሦስት እንደሚነጠቅ ያወቀ ኤክስ ያንኑ መልስ ለማግኘት ሦስት አትርፎ መምጣት አለበት። ደንቡን ከማስያዝሽ በፊት ቁጥር እያስገቡ ሥንጠረዥ እንዲሠሩ አድርጊያቸው።

መልሱን ለማረም አንድ ቀን ይበቃሻል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ያቺ ልጅ ምን ብላ ነው የተከራከረችው? ስሟ ማነው? ስታስወጫትስ ምን አልሻት? ያልጠየቅኸኝን አልነግርህም ብለሽ ነበር፤ ይኸው ጠየቅሁሽ።

ፌሌቲ


ሃአፓይ፣ ነሐሴ 13

ለአጎቴ፤

ደብዳቤህን ወደቡ ላይ ከፍቼ እዚያው እንጨት ላይ ተቀመጥሁ። ሥንጠረዡን በጣቴ አሸዋ ላይ ሠራሁት። ሦስት ላይ ዜሮ። ምንም ክርክር የለውም።

ስሟ አናሲኒ ነው። የጀልባ ሠሪው የሞሴሴ ልጅ ናት። ደብተሯን ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

"መምህርት፣ ቁጥሮቹን አስገብቼ አየሁት። ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው።"

"ተሳስተሽ ደምረሻል።"

"ደጋግሜ ደምሬዋለሁ።"

"እንግዲያው ደጋግመሽ ተሳስተሻል" አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን አልተቀመጠችም፤ "እስኪ አንዴ እዩልኝ" ብላ ደብተሯን ዘረጋችልኝ። አላየሁትም አጎቴ። ሌሊቱን በመጽሐፉ ላይ ስደናበር አድሬ ነበር፤ ያንን ደብተር ካየሁ የማላውቅ መሆኔን ክፍሉ ሁሉ የሚያውቅብኝ መሰለኝ። "ይህን ያህል ካወቅሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ቤትሽ ሄደሽ ሰሌን ሥሪ" አልኳት። ደብተሯን ዘግታ ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልመጣችም። አንድ ልጅ ልኬ ነበር። አባቷ የመለሰልኝ ይኸን ነው፦ "መምህርቷ ሰሌን ሥሪ ብላታለች፤ ይኸው እየሠራች ነው። ሲያልቅ እንልክላታለን።"

ለክፍሉ እስካሁን ምንም አልነገርኩም። ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ምዕራፍ እያስተማርኩ ነው። ምን ላድርግ? ደብዳቤ ልጻፍለት? ርእሰ መምህሩን ልላክ?

ሉፔ


ኑኩአሎፋ፣ ነሐሴ 21

ለሉፔ፤

ደብዳቤም ሰውም አትላኪ። የተበጣጠሰ ሰሌን እንደ ሐዘንተኛ ወገብሽ ላይ ታጥቀሽ ራስሽ ሂጂና ደጁ ላይ ተቀመጪ። ጥፋተኛ እንዴት እንደሚቀመጥ እናትሽ አሳይታሻለች። እስኪያናግርሽ አትነሺ።

ለምን እንዳላየሽላት ጽፈሽልኛል፤ ገብቶኛል። ለሞሴሴ ግን ምክንያቱን አትንገሪው። ምክንያት ሲጨመርበት ይቅርታ ይቀጥናል።

ይህ አጭር የሆነው ተቆጥቼ አይደለም። በምጽፍበት ቦታ ጠረጴዛ የለም። አክስትሽ መነጽሯ ገና ነው።

ፌሌቲ


ሃአፓይ፣ መስከረም 14

ለአጎቴ፤

ያልከኝን አደረግሁ። የእናቴን የድሮ ሰሌን፣ ዳር ዳሩ የተበላውን፣ ወገቤ ላይ ታጥቄ ቅዳሜ ጠዋት ሄድሁ። ሞሴሴ ከቤቱ ጎን የጀልባ ሳንቃ ይልግ ነበር። መሬት ላይ ተቀመጥሁ፤ ቀና ብሎ አላየኝም። መንገደኛ ሁሉ ያየኛል፤ ከሩቅ ያየኝም ዞሮ በደጁ ያልፋል። ዝናብ መጣ። እሱ ሳንቃውን በሸራ ሸፈነና ሥራውን ቀጠለ፤ እኔን የሚሸፍን የለም። ሚስቱ በር ላይ ብቅ ብላ "ሞሴሴ፣ ሰው ናት እኮ" ስትለው ሰምቻለሁ።

በኋላ መላጊያውን አስቀመጠ።

"መምህርት፣ ለማን ነው የሚያለቅሱት? እዚህ ቤት የሞተ የለም።"

"ስለ ልጅዎ ነው የመጣሁት።"

"ልጄ ምን አጠፋች?"

"ምንም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ትክክሉ እሷ ያለችው ነበር።"

ከእጁ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂውን አራገፈ። ከዚያ "ይህ ለእኔና ለዶሮዎቼ ምን ያደርግልናል? የሳቀባት ክፍል ነው፤ ለክፍሉ ይንገሩት። እኔ ግራና ቀኙን ምን አውቄ" አለኝ። ፊቱን ወደ ጓዳ አዞረና "ደረቅ ልብስ ስጧት፤ ጎደሬውም ሳይበርድ አቅርቡ" አለ። በላሁ። አናሲኒ ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እጇን ከሥራዋ አላነሣችም።

ሰኞ መጣች። ለክፍሉ ሁሉንም ነገርኳቸው። "ያስያዝኳችሁን ደንብ አውጡና ጣሉት። አናሲኒ ትክክል ነበረች፤ እኔ ደግሞ ደብተሯን ለማየት እንኳ እምቢ አልኩ" አልኩ። ማንም አልሳቀም። ሴሚሲ ብቻ እጁን አነሣና "መምህርት፣ እንግዲህ ፈተናው ላይ ግራ እንበል ቀኝ?" አለ። "እሷን ጠይቃት" አልኩት። ጠመኔውን ሰጠኋት። ድምፅዋ መጀመሪያ አይሰማም ነበር፤ እየቆየ ግን ሴሚሲን "ወሬህን ተውና ቁጥሩን አስገባ" ብላ ስትቆጣው ሰማኋት። በቅንፍ ውስጥ በሁለት ሲባዛ ኩርባው ከመስፋት ይልቅ ለምን ወደ መሐል እንደሚጠብም ያስረዳችው እሷ ናት። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጻፍሁ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። "ነገ የቱ ገጽ ነው?" ብቻ ነው ያለችኝ።

አጎቴ፣ ጠረጴዛ የሌለበት ቦታ የት ነው? አክስቴስ እንዴት ናት? መነጽር ለመጠገን ይህን ያህል ጊዜ አይፈጅም።

ሉፔ


ኑኩአሎፋ፣ ጥቅምት 8

ለሉፔ፤

ከደጁ ስለ መቀመጥሽ አነበብኩ። እናትሽ ብትሰማ ደስ ይላት ነበር።

ስለ አክስትሽ ጠይቀሽኛል። ዐርፋለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

ከእንግዲህ አዲስ ነገር አታስተምሪያቸው። የቆየ ፈተና አውጪና መልሰው መላልሰው ይሥሩት። ሁለት ለውጥ ባንድ ላይ ሲመጣባቸው፣ ማለትም ኩርባው ተለጥጦም ተነሥቶም ሲሆን፣ መጀመሪያ ይለጥጡት፣ ከዚያ ያንሡት። ቅደም ተከተሉን ካዛቡት የተነሣበት ከፍታ ራሱ አብሮ ይለጠጥባቸዋል። ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ፈተናው እስኪያልቅ ወደዚህ እንዳትመጪ። ጀልባውም አይመችም። 

ፌሌቲ


ሃአፓይ፣ ኅዳር 17

ለአጎቴ፤

ፈተናው ዐርብ አለቀ። ቅዳሜ ርእሰ መምህሩ ጥቁር ለብሰው ቤቴ መጡ። ከኋላቸው ሞሴሴና ሚስቱ፣ የመዘምራኑ ሴቶች፣ አናሲኒ፣ ሴሚሲ እንኳ ሳይቀር። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ያኔ ነው ያወቅሁት።

"ዐርፋለች" ብለህ ጻፍህልኝ። እኔ መተኛቷ መስሎኝ "ጎሽ፣ ትረፍ" ብዬ አጥፌ አስቀመጥሁት። አጎቴ፣ ሞትን እንዲህ ይጽፉታል?

ሞቷ በሬዲዮ ተነግሮ ነበር አሉኝ። ደሴቱ በሙሉ ሰምቷል። አንተ ለርእሰ መምህሩ ደውለህ እስከ ፈተናው እንዳይነግሩኝ ለምነሃቸዋል፤ እሳቸውም ከቤት ቤት እየዞሩ አፍ አዘግተዋል። የእኔ ሬዲዮ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። ያን ሰሞን ሰዎች የተጠበሰ ዓሣና የተቀቀለ ጎደሬ እየያዙ ሲመጡ ለፈተናው ብለው መስሎኝ አመስግኜ በላሁ። ለቅሶ ሊደርሱኝ ኖሯል የሚመጡት። ተማሪዎቼ ሁሉ እያወቁ ፊቴ ተቀምጠው ኩርባ ሲስሉ ነበር።

መምረጥ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ምናልባት እቀር ይሆናል፤ ምናልባት ልጆቹን ጥዬ እመጣ ነበር። አሁን የቱን እንደማደርግ መቼም አላውቅም። አስከሬኗ አጠገብ ተቀምጬ አላደርኩም፤ መቃብሯ ላይ አሸዋ አላፈሰስኩም።

እያለቀስኩ የምጽፍ እንዳይመስልህ። ልቅሶው ትናንት አለቀ። ዛሬ ተቆጥቼ ነው።

ሉፔ


ኑኩአሎፋ፣ ኅዳር 29

ለሉፔ፤

መቆጣትሽ ይገባሻል። አልከራከርሽም።

ሁለተኛው ትምህርት ለምን እንደዘገየ ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ ቆይቻለሁ። ጽፌ ጨርሼ ደብዳቤውን ለማሸግ ስቀመጥ አክስትሽ ወጥ ቤት ወደቀች። ከዚያ በኋላ የነበርነው ሆስፒታል ነው፤ ጠረጴዛ የሌለው እዚያ ነው። ወረቀቱን ቤት ስመለስ ሻይ ፈስሶበት አገኘሁት። አንቺ ብቻሽን ቅንፉን የጀመርሽው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ የአናሲኒ ነገር ላይ ድርሻ አለኝ።

እንዳይነገርሽ ያልኩት እኔ ነኝ፤ "ዐርፋለች" ብዬ የጻፍኩትም መዋሸት አቅቶኝ ነው፤ እሷ ላይ አላሳብብም። እሷ ያለችው ሌላ ነው። ስለ ሞሴሴ ደጅ የጻፍሽውን አልጋዋ አጠገብ አነበብኩላት። ደጋግማ አስነበበችኝ። "ጎደሬውን በላች?" አለችኝ። "በልታለች" አልኳት። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረችም።

ዘመዶች ሄደዋል። ብቻዬን ነኝ፤ መቀመጫው ብዙ ነው። ከሱቅ ቆርቆሮ ዓሣ እበላለሁ። ማታ ሁለት ሲኒ አወጣና አንዱን እመልሳለሁ። ከእንግዲህ የሒሳብ ጥያቄ አትላኪልኝ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ፈልጊ። የምልሽ አልቆብኛል ሉፔ። ለማስተማር የሚያናግሩት ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ከማንም ጋር አላወራም።

ፌሌቲ


ሃአፓይ፣ ጥር 22

ለእናቴ ወንድም፣ ለአጎቴ ለፌሌቲ፤

ንዴቴ በርዷል፤ ሐዘኑ ግን አለ። ለፋሲካ ዕረፍት መጥቼ መቃብሯ ላይ አሸዋ አፈሳለሁ። አንተም አብረኸኝ ትሄዳለህ።

ውጤቱ መጥቷል። ግማሾቹ አልፈዋል፣ ግማሾቹ ወድቀዋል። ሴሚሲ ወድቋል፤ ከአባቱ ጋር ባሕር ይወጣል። መንገድ ላይ ሲያየኝ "መምህርት፣ ዓሣው ወደ ግራ ሄደ" ይለኛል፤ እስቅለታለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ደስ አይለኝም። ርእሰ መምህሩ ለዘንድሮም ሒሳቡን ሰጥተውኛል። ሌላ ሰው ፈልጊ ብለኸኝ ነበር፤ ፈለግሁ፣ የለም። ማንንም ሳልጠይቅ ቅንፉን ራሴ አስተምረዋለሁ። ተማሪ ደብተር ሲዘረጋልኝም አያለሁ።

አናሲኒ ከደሴቶቹ ሁሉ ከፍ ያለ ውጤት ካመጡት አንዷ ናት። ዋናው ከተማ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል፤ እዚያ ግን ዘመድ የላትም። ሞሴሴ "የማላውቀው ቤት ልጄን አላሳድርም" ብሎ ሊያስቀራት ነበር። እኔ "የአጎቴ ቤት አለ" አልኩት። በእጁ የያዘውን ሚስማር አቀናና "የእርስዎ አጎት ከሆኑ ትሂድ፤ ካስቸገረች ግን በመጀመሪያው ጀልባ ይመልሷት" አለኝ።

አልጠየቅሁህም። ብጠይቅህ ደክሞኛል ትለኝ ነበር፤ እውነትህንም ነው። እኔም ደክሞኛል። ግን ከአንተ ላይ የፈለግሁትን የመውሰድ መብት እናቴ ትታልኛለች፤ እስከ ዛሬ ያን ያህል አልተጠቀምኩበትም።

ብዙ ትበላለች፤ ቆርቆሮ ዓሣ አይበቃትም። ምግብ መሥራት ትችላለች፤ ግን ሁልጊዜ እሷ ላይ አትጣልባት። ትከራከርሃለች። ደክሞህ "ልክ ነሽ" እንዳትላት፤ ልክ ሳትሆን ሲቀር ሳትታረም እንዳትቀር። እኔን እስካሁን ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። ትናንት ግን የሠራችውን ሰሌን ሰጠችኝ፤ ያንን፣ ያኔ የጀመረችውን። "አልቋል" አለችኝ።

ደብዳቤውን ለካፒቴኑ አልሰጠሁትም። እሷው ናት የያዘችው። ሌሊቱን በጀልባው ሲያጥወለውላት አድሮ ይሆናል፤ ሻንጣዋም ከባድ ነው። የሰጠችህን ወረቀት እዚያው ደጁ ላይ ቆመህ ማንበብ ከጀመርህ፣ በቃ አጎቴ፣ እጠፈውና ልጅቱን አስገባት።

ሉፔ